በአዝራር ጣሳ ውስጥ የከረመ መድኃኒት

ሰፈርተኛው «አባ ጥርጣሬ» የሚላቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ የግራ አውራ ጣታቸውን በብጣሽ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሱቃቸው ሲያዘግሙ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ግጥም አሉ። ልጅቱ ነርስ ናት። እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ሊሸሽጉ ቢሞክሩም ዓይኗ ቀደማቸው።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? ጣትዎ ምን ሆነ?»

«መርፌ ወጋኝ። ደግሞ አገር እንዳታሰሚብኝ!»

እያጉረመረሙ ፈተው አሳዩዋት። ጣቱ ቀልቶ አብጧል፤ ቁስሉ ላይ ነጭ ዱቄት ተነስንሷል።

«ይህ ዱቄት ምንድን ነው?»

«የናንተው መድኃኒት ነዋ! አምና ለእግሬ ከታዘዘልኝ የተረፈ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲሻለኝ ተውኩትና የአዝራር ጣሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። አሁን እንክብሉን ከፍቼ ነሰነስኩበት።»

ነርሷ ክው አለች። «አጎቴ፣ እሱ የሚዋጥ እንጂ የሚነሰነስ አይደለም! የታዘዘልዎም ለሰባት ቀን ነበር። ሕመሙ ቢቀልልዎም ባክቴሪያው አልቆ ላይሆን ይችላል። የተረፈው ይራባል፤ መድኃኒቱንም ይለምደዋል።»

«አታታልዪኝ! ደንበኛ እንዳይጠፋባችሁ ነው የምታራዝሙት። ጎረቤቴስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቁስሏ ያመረቀዘው እናንተው ዘንድ አይደለም?»

ትቆጣለች ብለው ሲጠብቁ አልተቆጣችም፤ ይህም ይበልጥ አጠራጠራቸው።

«በዚህስ ልክ ነዎት» አለች። «እጁን ሳይታጠብ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው የሚሄድ ባለሙያ በሽታ ያዞራል። ስለዚህ መጠርጠሩን አይተዉ፤ እጃችንን ይጠርጥሩ፣ የከረመ መድኃኒትም ይጠርጥሩ። ጣትዎን ግን ዛሬውኑ ያሳዩ፤ ካመረቀዘ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።»

ሽማግሌው አርባ ዓመት ቤት ያስተዳደሩበትን ጣት አዩት። ፈሩ። ወደ ጤና ጣቢያው ተከትለዋት ገቡ።

ሐኪሙ የሌላ በሽተኛ ቁስል አይቶ እንደጨረሰ በቀጥታ ወደ እሳቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው ሰብሰብ አሉ።

«ይቅርታዎን ጌታዬ፣ እጅዎን ታጥበዋል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለካ ድፍረት እንጂ ነውር አይደለም። ሐኪሙ ፊቱ ቀላ፤ «ረስቼው ነው አባቴ፤ እንኳን ጠየቁኝ» ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ። አባ ጥርጣሬ ሳሙናው አረፋ እስኪያወጣ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ቁስሉ ታጠበ፤ አዲስ መድኃኒት ታዘዘ። በየቀኑ በሰዓቱ ዋጡ፤ ሲሻላቸውም አላቋረጡም። አሮጌዎቹን እንክብሎች ለነርሷ አስረከቡ፤ ጣታቸውም ዳነና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

አንድ ቀን ያቺው ጎረቤታቸው ሳል ይዟት «የተረፈ መድኃኒት አያጡም» ብላ ሱቃቸው መጣች። ጣሳውን ከፍተው አሳዩዋት።

«አዝራር ብቻ ነው ያለኝ። ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሐኪሙ ሊነካሽ ሲልም መጀመሪያ እጁን መታጠቡን ጠይቂው፤ እኔ ጠይቄ ጣቴን አትርፌያለሁ።»