ማቆሚያው የት ይሁን?

ከአገሬ ርቄ፣ አውሮራ በምትባል ከተማ፣ ከሃቫና ስትሪት ጀርባ ባለ ወርክሾፕ ውስጥ ሲኤንሲ በሚሉት ብረት መቁረጫ ማሽን ላይ ነበር የምሠራው። አንድ ጠዋት አለቃችን "አዲሱን መቆጣጠሪያ ያልቻለ ይሰናበታል" አለ። እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም። መቆጣጠሪያውን የሠራችው የአገሬ ልጅ ናት፣ ኢንጂነር ሕይወት። ቁልፎቹ ሁሉ እኩል፣ ትንንሽ፣ የሚለዩት በጽሑፍ ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ ልትገጥመው ስትመጣ ዘይት የጠጣ ጓንቴን አውልቄ ሰጠኋት።

"ምን ላድርገው አባባ?"

"አጥልቂው። ዓይንሽንም ጨፍኚ፤ የብረት ፍንጣሪ ሲመጣ ማንም ይጨፍናል። በይ አሁን ማሽኑን አቁሚ።"

እየሳቀች ዳሰሰችና አንዱን ተጫነች። ዓይኗን ስትገልጥ ጣቷ ማስነሻው ላይ ነው። ደግነቱ ኤሌክትሪኩ ገና አልተቀጠለም። ሳቋ ጠፋ።

"ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?"

"መች ጠየቅሽኝ?"

"ትልቅ ሰው ላለማስቸገር ብዬ እኮ ነው።"

"አስቸግሪኝ" አልኳት።

ሦስት ቀን ከአጠገቧ አልተነሳሁም። ማቆሚያው ቡጢ የሚያህል ቀይ ሆኖ ክርኔ አጠገብ ተተከለ፤ ማስነሻው ሳይታሰብ እንዳይነካ ወደ ውስጥ ገባ። አለቃው ሊፈትነኝ ሲመጣ ማሽኑን አስነስቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በክርኔ አቆምኩለት።

"ነገ ለሌሎቹ አሳያቸው" አለኝ።