ሐሳባቸው የማያርፈው የውሃ ዳኛ

ከሸዋሮቢት ወደ መስኖው የሚወስደው ባጃጅ ሦስተኛ ተሳፋሪ ካላገኘ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጋሽ ሰዲቅና ኑርሃን የተገናኙት በቀጠሮ ሳይሆን በሾፌሩ ግትርነት ነው። እሷ የጎረቤታቸው የአብዱልሃዲ ልጅ ናት፤ ተምራ ነርስ ሆናለች። እሳቸው የውሃ ዳኛ ናቸው፤ የአርባ ሁለት ገበሬ የመስኖ ተራ በቃላቸው ይይዛሉ። ይይዙ ነበር ማለት ይሻላል።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሽ ሰዲቅ። ዓይንዎ ምነው ቀላ?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም ልጄ። እንቅልፍ የለኝም፤ ጋደም ስል ተራ እቆጥራለሁ። ባለፈው ሳምንት የየሺን ውሃ ግርማ ማሳ ላይ ለቀቅሁት። ሊነቀል ደርሶ ውሃ የተከለከለ ሽንኩርት ላይ! በሰበሰ።»

«ሰማሁ።»

«ያልሰማ የለም፤ ማጀቴ ድረስ ደርሷል። ዛሬ ከደገምኩ ዳኝነቱን ይነሱኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩትን!»

«ዓይንዎን ጨፍነው ትንፋሽዎን የሚከተሉበት ዘዴ አለ። እኔ እመራዎታለሁ፤ አንቱ መስማት ብቻ።»

ጋሽ ሰዲቅ ጎናቸውን ሰጧት። «የቃልቻ ነው የፈረንጅ?»

«ትንፋሹ የራስዎ ነው።»

«አምስት ወቅት እሰግዳለሁ። ምን ጎደለኝ?»

«ምንም። ግን ሲሰግዱ ልብዎ የት ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ስለነበረ አላስደሰታቸውም። ያን ዕለት ንጋት ላይ፣ በፈጅር ሶላት፣ ምላሳቸው ፋቲሓ ሲቀራ ልባቸው ሦስተኛው የቦይ አፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳሉ ጠፍቷቸው ሁለት ጊዜ እንደገና ጀምረዋል።

«ቦይ ላይ» አሉ በመጨረሻ።

«ይኼ ሶላትን አይተካም። ልብዎን ካለበት ጠርቶ ያመጣልዎታል፤ ለሶላቱም ለቦዩም።»

«ተቀምጦ መተንፈስ ሥራ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«በሬ እንኳ ከቀንበር ይፈታል ጋሼ። የአንቱ ሐሳብ ከተጠመደ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ሁለት» አሉ፤ ሲናገሩት ለራሳቸውም በዛባቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ትከሻዎን ይልቀቁት» አለች ቀስ ብላ። «ትንፋሹ ሲገባ ይወቁት፤ ሲወጣ ይወቁት። ሐሳብ ከመጣ አይጣሉት። ‹መጣህ› ይበሉትና ወደ ትንፋሹ ይመለሱ።»

«ሁለቱን ተነፈስኩ። ሦስተኛው ላይ ግርማ መጣ።»

«ይምጣ።»

«ተናዶ ነው የመጣው።»

«ተናዶም ይምጣ። አንቱ ይመለሱ።»

ሾፌሩ ዞር ብሎ አየ። «ጋሼን አመማቸው እንዴ? ሰው ሳይሞላ እንድነሳ ከሆነ...»

«ደህና ነኝ» አሉ ጋሽ ሰዲቅ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ደህና መሆናቸው ለራሳቸውም አዲስ ነገር ነበር።

ሦስተኛው ተሳፋሪ ተገኝቶ ቦዩ ጋ ሲደርሱ የቀትሩ የዙህር ሶላት አልቆ ገበሬው ሁሉ ይጮኻል፤ ሁሉም ባለተራ ነው። ጋሽ ሰዲቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዳኛው ተኙ!» አለ አንዱ።

«ይተኙ» አለ ግርማ። «ነቅተው የሠሩኝን አይቻለሁ።»

ንዴት መጣ። «መጣህ» አሉት በልባቸው፤ ተመለሱ። ጩኸቱ አልቀነሰም፤ ግን ስድስተኛው ትንፋሽ ላይ ተራው በውስጣቸው ተሰለፈ። ተነሡ።

«እስከ ዓሱር የሺ። ከዓሱር ሶላት እስከ መግሪብ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ፣ ራህመት።» የቦዩን አፍ በእጃቸው ነክተው፣ የማን እንደሆነ አይተው፣ ከፈቱ። ግርማ ውሃውን እስከ መጨረሻው ተከትሎ ሄዶ መረመረ። የሺ ማሳ ገብቷል። ጥፋት ስላጣ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

«ዳኝነቱ ይቆይ» አለ ተመልሶ። «ዓይንዎን ሳይጨፍኑ ቦይ የከፈቱ ዕለት ግን እኔ አለሁ!»

ጋሽ ሰዲቅ ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ቆመ ብለው አልዋሹም። ይመጣል፤ ያዩታል፤ ይመለሳሉ። እንቅልፋቸው ተስተካከለ፤ ሶላታቸውን በአንድ ጅምር ይጨርሳሉ፤ ውሃውም ባለቤቱን አልሳተም። ገበሬዎቹም ዳኛው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ዝም ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ለእሳቸው ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ለራሳቸው።