የሰይድ መዶሻና የእኔ ምርቃት

በእኛ ጊዜ ዕቃ አፍ አልነበረውም። መዶሻ ልትገዛ ገበያ ትሄዳለህ፣ ታነሳዋለህ፣ ክብደቱን በእጅህ ታየዋለህ፣ እጀታውን ታሻለህ፣ ከዚያ «ስንት ነው?» ትላለህ፣ ሰውየው ይነግርሃል፣ ትከራከራለህ፣ ይዘህ ትሄዳለህ፤ አለቀ። ዕቃው ስለ ራሱ የሚለው ነገር የለም። ዛሬ ግን ሳሙናውም ይናገራል፣ ብስኩቱም ይናገራል፣ የባጃጁ መስታወት እንኳ ተጽፎበት ሰው ይመክራል። ስልክህን ጠጋ አድርገህ ቅዳኝ ልጄ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። እና ታዲያ እኔ እንድሪስ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቀወት ላይ ማሽላና ማሾ ሳርስ የኖርኩ ሰው፣ በስተርጅና ለመዶሻ አፍ ሁን ተባልኩ። ምን ያስቅሃል፣ ገና መች ጀመርኩ።

ሰይድን ታውቀዋለህ፤ አማቼን፣ የልጄን የሀዋን ባል። እዚህ ሸዋሮቢት ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ብረት ይበይዳል። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ምን ልበልህ፣ በኒካው ቀን «ተቀብያለሁ በል» ሲባል እንኳ ሚዜው ጎኑን ጎሸም አድርጎት ነው የተናገረው። ሰው ጠልቶ አይደለም፣ ዝምታ ነው የፈጠረበት። እና ይህ ዝምተኛ አንድ ቀን መዶሻ ሠርቶ መጣ። እኔ አየሁትና «መዶሻ ነው» አልኩ፤ «አዎ» አለ፤ በቃ። ኋላ ሀዋ ናት ያስረዳችኝ። ከመዶሻው ራስ ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ አውጥቶ፣ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የነቀላትን ማግኔት ቀብሮባታል። ሚስማሩን እዚያ ላይ ስታስጠጋው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንዴ ስትመታው እንጨቱን ይነክሳል፣ ከዚያ መዶሻውን ገልበጥ አድርገህ በደህናው ፊቱ ትጨርሰዋለህ። ሚስማር መያዝ የለ፣ ጣት መቀጥቀጥ የለ። እጀታው ወይራ ነው፤ ላዩን በጎማ ጠቅልሎታል፣ በእኛ አገር ሙቀት እጅ ሲያልበው መዶሻው ሙልጭ እንዳይል። ደስ ይላል ወላሂ።

ታዲያ ጉዳዩ መዶሻው ብቻ ቢሆን እኔን ምን ያስጨንቀኝ ነበር? የሰይድ አጎት አዲስ አበባ ትልቅ የብረታ ብረት ቤት አለው፣ «ና አብረን እንሥራ» እያለ ሲጠራው ከርሟል። ሰይድም ለሀዋ «ይቺን መዶሻ ሰው ከወደደልኝ እዚሁ ነኝ፤ ካልወደደልኝ ግን እንሄዳለን፣ ዕድሜዬን በርና መስኮት ስበይድ አላረጅም» አላት። እሷ መጥታ ስትነግረኝ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ልጆቼ ሁሉ በየአገሩ ተበትነው አጠገቤ የቀረችው ሀዋ ብቻ ናት። ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ልጆቿ ሲጮኹ እቆጣለሁ፣ ዝም ሲሉ ደግሞ ምን ሆኑ ብዬ ሄጄ አያለሁ። እና ፈራሁ፤ ከአንተ ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ሰይድ ገበያ ወጥቶ ራሱ ሞክሮ ነበር። እንዴት እንደሞከረ ላሳይህ። መዶሻውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ መሬት መሬት ያያል፣ «ይህ መዶሻ፣ እ፣ ማግኔቱ በዚህ በኩል ሆኖ፣ እ፣ ሚስማሩ ደግሞ» ይላል፤ እሱ «ደግሞ» እስኪል ሰሚው ማንጎውን ገዝቶ ቤቱ ገብቷል። እና ሀዋ አንድ ቀን ከዙሁር ሰላት በኋላ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንዲት አጭር ቃል ይስጡት» አለችኝ። «ሰው አልፎ ሲሄድ ጆሮው ላይ የምትቀር። አፍዎ ምርቃት የለመደ አይደል?»

ይህ እንኳ እውነት ነው። እዚህ አካባቢ ሰርግ ቢሆን፣ ደቦ ቢሆን፣ አዲስ ቤት ቢሆን፣ ዱዓ የማደርገው እኔ ነኝ። ክርስቲያኖቹም ይጠሩኛል። ኩራት አይሁንብኝና፣ የመረቅኳት ላም መንታ ወልዳለች። እና ማንጎዋ ሥር ተቀመጥኩ፣ እስከ አሱር ሰላት አሰብኩ፣ አወጣሁ፣ አወረድኩ፣ ከዚያ ሀዋን ጠርቼ በስልኳ አስቀዳኋት። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «ቤታችሁ ይቁም፤ ምሰሷችሁ ይጽና፤ ጣሪያችሁ አያፍስ፤ እጃችሁ ይባረክ፤ የሰይድ መዶሻ።» ስሰማው እኔው ራሴ ወደድኩት። ሰይድ እንኳ ፈገግ አለ፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

የገበያ ቀን ደረሰ። ሞንታርቦ ተከራየን፣ ባጃጅ ላይ ጫንነው፣ ሽንኩርት ተራ አጠገብ አቆምነው፣ ሰይድ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፎ መዶሻዎቹን ደረደረ፣ እና ድምፄ ተለቀቀ። «ቤታችሁ ይቁም» ሲል ገበያው በሙሉ ቀጥ አለ። ሰው መዳፉን ዘረጋ። «አሚን!» አለ። «ምሰሷችሁ ይጽና፤» «አሚን!» እንዲህ እንዲህ እያለ ሄዶ መጨረሻ ላይ «የሰይድ መዶሻ» የሚለው አሚን ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። ሰው ፊቱን በመዳፉ አበሰና መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያስ? ከዚያ ሞንታርቦው ደገመው። ማሽን መቼ ይደክመዋል? ሽንኩርት የምትመዝነው ሴት ኪሎዋን ትታ መዳፏን ትዘረጋለች፣ አሚን ትላለች፣ ተመልሳ ልትመዝን ስትል «ቤታችሁ ይቁም» ይላል፣ እንደገና ትዘረጋለች። ዱዓ ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንላትማ። መጨረሻ ላይ «እኒህ አባት ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው፣ መርቀው አይጨርሱም?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አናጢው ተክሌ ደግሞ እየሳቀ መጣ። «ጋሽ እንድሪስ፣ ጣቱን ያልቀጠቀጠ አናጢ የት አገር አለ? ይህ የጠቆረ ጥፍሬ እኮ የሙያ ወረቀቴ ነው» ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝና ሄደ።

አንድ የማጀቴ ሰውዬ ግን መዶሻውን አነሳ። ዋጋ ጠየቀ፣ ሰይድ ነገረው፣ ሰውየው ሊከራከር አፉን ሲከፍት «እጃችሁ ይባረክ» አለ የእኔ ድምፅ። ሰውየው አፈረ። ዱዓ በሚደረግበት ቦታ ቆሞ «ቀንስ» ማለት ነውር ሆነበት፣ እና መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ «አላህ ያሳካላችሁ» ብሎን ሄደ። ከእሱ በኋላ እትዬ አስካለ መጣች፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ ያላት። መቀነቷን ፈትታ፣ ሳንቲም አወጣች፣ ጨርቁ ላይ ጣለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ለመስጊዱ ማሠሪያ ነዋ» አለች። «ሞንታርቦ አለ፣ ምርቃት አለ፣ መዶሻ ተዘርግቷል፤ የሚሠራ ነገር ከሌለ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ያው የአምላክ ቤት ነው ብዬ እኮ ነው።»

እሷ ስትጥል ሌላው አየ፣ ሌላውም ጣለ። ሰይድ መዶሻ ሊሸጥ ወጥቶ ምጽዋት ሲሰበስብ ዋለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ቃሌን መመለሻ አጣሁ። ሳንቲሙን ለመስጊዱ ሰጠን፤ ኢማሙም በጣም አመሰገኑን። ማታ ሀዋ ከቆጡ ላይ ሻንጣ አወረደች። የማልናገር ሰው ሆኜ አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን ሰይድን ሆንኩ።

አሁን ስማኝ፣ ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ጋ ነው። ያ የቆላ ነፋስ ተነሳና የእትዬ አስካለን ሱቅ ቆርቆሮ ግማሹን ገልጦት አደረ። ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ እንጨት የሚያቀብለው፣ ቆርቆሮ የሚይዘው፣ እንደ እኔ ያለው ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዝዘው። ተክሌ ጣሪያው ላይ ወጣ። ገና ሥራውን ሳይጀምር የመዶሻው ራስ ከእጀታው ወልቆ ሄዶ የአስካለ ዘይት ጀሪካኖች መሃል ገባ። ሰው «ፈልጉ፣ ፈልጉ» ሲል ሰይድ ምንም ሳይናገር መሰላሉን ሁለት እርከን ወጣና የእሱን መዶሻ አቀበለው። ተክሌ አየው፣ ሊስቅ ፈለገ፣ ግን ሌላ መዶሻ የለም፤ ተቀበለ።

አንዱን መታ፣ ሁለተኛውን መታ፣ ከዚያ ነፋሱ ተመልሶ መጣ። ቆርቆሮው ብድግ አለ። ታች ያለነው «ያዝ!» አልን። የተክሌ ግን ያቺ ሌላ ጊዜ ሚስማር የምትይዘው ግራ እጁ ነፃ ነበረች፣ የጣሪያውን ወራጅ እንጨት ጥርቅም አድርጋ ይዛ ነበር። ነፋሱ አለፈ፣ ሰውየው እንደተቀመጠ ነው። ሚስማሩን መዶሻው ላይ ለጠፈ፣ መታ፣ ቀጠለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጨረሰና ወረደ። ፊቱ ላይ ላብ እንጂ ሳቅ የለም።

«እንዴት ነው?» አለው ሰይድ። ወላሂ ራሱ ጠየቀ፣ ማንም ሳይጎሽመው።

ተክሌ ግራ እጁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «አንድ እጄ ለራሴ ተረፈ» አለ።

ይህን ሲል እኔ ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «አንድ እጅህ ለራስህ ይትረፍ!» አልኩት። ሰው ሁሉ «አሚን» አለ። አሁንም አበላሸሁት ብዬ ደነገጥኩ። ግን ቆርቆሮ ይዞ የነበረ የካራቆሬ ሹፌር፣ መዶሻውን ጨርሶ ያላየ፣ አሚን አለና ቀጥሎ «እንዴት ነው ለራስ የሚተርፈው?» አለ። ሰይድም መዶሻውን ከተክሌ እጅ ሊወስድ ሄደ፣ ተክሌ አልሰጥም አለ፣ «ሌላ አምጣና አሳየው፣ ይሄ የእኔ ነው» አለው። እትዬ አስካለም ጣሪያዋን ቀና ብላ አይታ «እሰይ» አለች፤ እኛም «ቤት ለእንቦሳ» አልናት፤ እሷም «እንቦሳ እሰሩ» አለችን፣ ለስላሳ ለሁላችንም ከፈተች።

ያኔ ነው የገባኝ። የእኔ የመጀመሪያው ምርቃት ሙሉ ነበር፤ ሰው አሚን ይላል፣ ደስ ይለዋል፣ ይሄዳል። ይህቺኛዋ ግን ሰውየውን አሚን አስብላ ታቆመዋለች፤ «እንዴት?» ሳይል አይሄድም። «እንዴት?» ካለ ደግሞ ሰይድ መናገር አያስፈልገውም፤ ሚስማር ለጥፎ ይመታል፣ በቃ። ሀዋ በዚያው ሳምንት በሰማያዊ ቀለም በሰይድ ሱቅ የብረት በር ላይ ጻፈችው፦ አንድ እጅህ ለራስህ ይትረፍ። ከመናኸሪያው የሚመጣ ባጃጅ ነጂ በዚያ ሲያልፍ «አሚን» ይላል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ሰይድም አጎቱ ጋ ደውሎ «እዚሁ ነኝ» አለው፤ በሁለት ቃል ጨረሰው። ያ ሻንጣ ዛሬ የሀዋ ዶሮ ታቅፋበታለች። ሄደህ እይ፣ ውሸት ከሆነ ጥራኝ። እኔ ደግሞ ልጆቹ ሲጮኹ እቆጣለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።

በል አሁን ይበቃሃል፣ ጆሮህም ስልክህም ደከማቸው። ልመርቅህና ሂድ። እጅህን ዘርጋ። የለም፣ ስልኩን አትልቀቅ፣ በአንዱ እጅህ ዘርጋ። አንድ እጅህ ለራስህ ይትረፍ።

«አሚን ጋሽ እንድሪስ። ግን እውነት ሚስማሩ አይወድቅም? እንዴት ይቆማል?»

ይኸው! አሁን ምን አልኩህ? ሂድ፣ የሰይድ ሱቅ ክፍት ነው፤ ጋሽ እንድሪስ ልኮኝ ነው በለው፣ እሱ ግን መልስ ይሰጠኛል ብለህ አትጠብቅ።