በሳሩ ጎሬ ውስጥ ስለተጨመረው መርዝ

የምስክር ስም፦ ሰሊማ ይማም
ዕድሜ፦ 34
አድራሻ፦ ሪያድ ከተማ፣ ሱለይማኒያ፣ በአቶ አብዱልመሊክ ቪላ
ሥራ፦ የቤት ሠራተኛ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረፋድ ላይ

በሐሰት መመስከር እንደሚያስጠይቅ በአስተርጓሚ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

በዚህ ቤት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከፊሌ፣ ማለትም ያስመጡኝ አሠሪ፣ አቶ አብዱልመሊክ ናቸው። ካለፈው ወር ጀምሮ አይጠ መጎጥ የግቢውን ሳር እየቦረቦረ አፈር ይቆልል ነበር። የልጃቸው የሰሚሃ የቀለበት ድግስ እዚያው ሳር ላይ እንዲሆን ስለታሰበ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂባ በየቀኑ ይቆጡ ነበር። አትክልተኛው አሻግሬ ፉጣ በሚባለው ሰፈር ከሌሎች ሠራተኞች ጋር የሚኖር፣ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ያገሬ ሰው ነው። ወጥመድ አጠመደ፣ ጎሬውን በድንጋይ ደፈነ፤ በሌላ በኩል ተቦርቡሮ ያድራል። እሱ ይደፍናል፣ እኔ በረንዳው ላይ የተበተነውን አፈር እጠርጋለሁ። ሁለታችንም ሰልችቶን ነበር።

ባለፈው ሐሙስ አሻግሬ በጎማ ውሃ ለቀቀበት። ውሃው ሳሩ ዳር ባለው በሾፌሩ በረሺድ ክፍል፣ በወለሉ ስንጥቅ ወጣ። ረሺድ ፍራሼን አበሰበስከው ብሎ ተቆጣ። አሻግሬ ይቅርታ ጠይቆት ፍራሹን አብረው ፀሐይ ላይ አሰጡት። በመካከላቸው ቂም ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም ብያለሁ።

እሑድ ከምሳ በፊት አቶ አብዱልመሊክ መርዛማ ጋዝ የሚያወጣ የአይጥ ክኒን ያለበት ጣሳ ይዘው መጥተው ለአሻግሬ ሰጡት። በረንዳው ላይ ሆኜ አይቻለሁ። "ሁሉንም ጨምረህ ድፈነው፣ ኸላስ" አሉት። አሻግሬ "ባባ፣ ጎሬው እኮ ወደ ረሺድ ክፍል ይሄዳል" አላቸው። "ያላ፣ ሥራህን ሥራ" ብለውት ገቡ። አሻግሬ ጨምሮ ደፈነ። ከዚያ ረሺድ ከወጣበት ሲመለስ ሊነግረው ዋናው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ረሺድ ግን በጓሮ በር ገብቶ ኖሮ ማናችንም አላየነውም።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ወይዘሮ ሂባ መውጣት ፈልገው ረሺድን ጥሪው አሉኝ። የክፍሉን በር ስከፍት የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ መታኝ። ብርድ ስለነበር መስኮቱ ተዘግቷል። ረሺድ አስመልሶት ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ስጠራው አይመልስም። አሻግሬን ጠራሁት። ብብቱን ይዞ እየጎተተ ሳሩ ላይ አወጣው። እኔ አምቡላንስ ጠርቼ ስመለስ፣ "ወንድሜ፣ ፖሊስ መምጣቱ አይቀርም፣ አንተ ሂድ" አልኩት። "ታዲያ ራሱን ማን ይያዝለት፣ እህቴ?" አለኝ። ትውከቱ እንዳያንቀው ራሱን ወደ ጎን አዙሮ እንደያዘ ቆየ። ከአምቡላንሱ ጋር የመጡት ፖሊሶች ኢቃማ ጠይቀው ሲያጡበት ይዘውት ሄዱ።

አቶ አብዱልመሊክ ጣሳውን አልሰጠሁትም፣ ከጠቡ የተነሳ ሆን ብሎ ያደረገው ነው ማለታቸው ተነግሮኛል። ይህ እውነት አይደለም። ረሺድ ትናንት ማታ መናገር መጀመሩን ከሆስፒታል ሰምቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

እንዲህ እንድል ያግባባኝ ሰው እንዳለ ተጠይቄ ማንም የለም ብያለሁ። ዝም እንድል ግን ተጠይቄያለሁ። ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ሂባ "ምንም አላየሁም በይ፣ ኹሩጅሽን በዚህ ሳምንት እናወጣልሻለን" አሉኝ። ኹሩጅ ወደ አገር መውጫ ወረቀት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለምናቸው የኖርኩት እሱን ነው። አገሬ መግባት እፈልጋለሁ። ያየሁት ግን ያው ነው።

ከዚህ ወዴት እንደምሄድ ስጠየቅ፣ ወደዚያ ቤት መመለስ እንደማልችል፣ ሌላ ማደሪያም እንደሌለኝ ገልጬ፣ ቢፈቀድልኝ አሻግሬ ቃሉን እስኪጠየቅ ድረስ እዚሁ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ መቀመጥ እንደምፈልግ ተናግሬያለሁ።

ቃሌ በአማርኛ ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ። የጨመርኩበትም የደበቅኩትም ነገር የለም፤ በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ይኸው ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

ምስክር፦ ሰሊማ ይማም (ፊርማ)
አስተርጓሚ፦ ኤልሳቤጥ ጌጡ (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሀይደር (ፊርማ)