በቻርጅ በሚሠራው ዕቃ ውስጥ ስለተገኘው ጦስኝ

የምስክሩ ስም፦ አቶ በቃሉ ገላው
ዕድሜ፦ 58 ዓመት
የትውልድ ቦታ፦ ወሎ፣ ደላንታ
አድራሻ፦ አሶሳ ወረዳ፣ አምባ 8
ሥራ፦ ገበሬ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
የተጠርጣሪው ስም፦ ሰራዊት አብይ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ኢተፋ ጂራታ

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር፣ ሰራዊት የጎረቤቴ ልጅ ከመሆኑ በስተቀር ከእሱ ጋር የሥጋ ዝምድናም ሆነ ጠብ የለኝም። ትናንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባጃጁን እየነዳ ወደ ከተማ ሲገባ ኬላ ላይ ተፈትሾ አንድ ጥቁር ዕቃ፣ በውስጡም የደረቀ ቅጠል ተገኝቶበት፣ ሐሺሽ ነው ተብሎ መታሰሩን የሰማሁት ማምሻውን ነው። ዕቃውም ቅጠሉም የእኔ ነው። የመንደራችን መብራት ከጠፋ ስለሰነበተ ከተማ ቻርጅ አድርጎ እንዲመልስልኝ ለምኜው ነው የያዘው። ውስጡን እንኳ ከፍቶ አላየም። ቅጠሉ ጦስኝ ነው።

መርማሪው የዕቃውን ዓይነት በስልኩ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ሐሺሽ የሚስቡ ጎረምሶች ስላየበት ሊያምነኝ እንዳልቻለ ገልጾልኛል። አልፈርድበትም፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው የራዲዮ ባትሪ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ከየት እንደመጣና ምን እንደማደርግበት ከሥሩ ጀምሬ እንድናገር ጠይቆኝ እንደሚከተለው ተናግሬያለሁ።

ከደላንታ ወደ አሶሳ የመጣሁት በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ሲሆን ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ የወርቅውሃ ባል አግብታ ስለነበር እዚያው ቀረች። እዚህ ስደርስ ከሙቀቱም ከትንኙም በላይ ያስቸገረኝ ሽታው ነው። ደላንታ ሜዳው ላይ የረገጡት ሁሉ ጦስኝ ጦስኝ ይላል። እዚህ መሬቱ ለምለም ነው፣ ማንጎውም ቀርከሃውም ሞልቷል፣ ጦስኝ ግን የለም። የወርቅውሃ ይህ እንደጎደለኝ ስለምታውቅ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ራሷ ለቅማ፣ በነጠላ ቁራጭ ቋጥራ በሰው እጅ ትልክልኝ ነበር። የምታደርቀው ጥላ ላይ ነው፤ ፀሐይ የመታው ጦስኝ ገለባ ነው ትላለች። ባለቤቴ ብሪቱ የወለጋ ልጅ ናት። ቋጠሮው በመጣ ቁጥር «ጣውንቴ መጣች» እያለች ትቀልድብኛለች።

ለብዙ ዓመታት ትምባሆ በጋያ እስብ ነበር። ደረቴ ታሞ ሐኪም ማንኛውንም ጭስ ከከለከለኝ ወዲህ ጦስኝ ፍም ላይ ጣል አድርጎ ማሽተትም ቀረብኝ። ሻይ ውስጥ ሲገባ ይጣፍጣል እንጂ አገሬን አያመጣልኝም። ልጄ ፍሬሕይወት ጾሬ የስደተኞች ካምፕ በነርስነት ትሠራለች። ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር ባልደረባዋ ይህን ዕቃ ትቶላት ሲሄድ አጽድታ አመጣችልኝና «አባዬ፣ ይኼ ቅጠሉን አያቃጥልም፣ ያሞቀዋል ብቻ፤ ተኑን በአፍህ ትስበዋለህ» አለችኝ። እኔም ተኑን ወደ ደረቴ አላስገባም፤ አፌ ውስጥ ይዤ በአፍንጫዬ አወጣዋለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁበት እንደ ጋያ ነው። በአውራ ጣቴ ጠቅጥቄ ሞላሁት፣ ሙቀቱን እስከ ቀዩ መብራት አደረስኩት፣ ጉንጬ እስኪሰረጉድ ሳብኩት። የመጣልኝ የተቃጠለ አገዳ ሽታ ነው። ብሪቱ «ጣውንቴን አሳረርካት!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ለየወርቅውሃ ደውዬ ነገርኳት። ዕቃውን በዓይኗ አይታ አታውቅም፣ ነገሩ ግን ወዲያው ገባት። «አንተ፣ ቅቤ እሚነጠረው በነበልባል ነው እንዴ? ቀስ ነዋ!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በስልክ እየተጨቃጨቅን መላውን አገኘነው። ቅጠሉን ከእንጨቱ ለይቶ በጣት መፈርፈር ነው እንጂ ማድቀቅ አያስፈልግም፤ ዱቄት ከሆነ ወንፊቱን ይደፍናል። ክረምት ላይ የአሶሳ እርጥበት ስለሚያለዝበው ከመሞላቱ በፊት ወረቀት ላይ መናፈስ አለበት። ሲሞላ አየር እንዲያሳልፍ ላላ ይደረጋል። መብራቱ አረንጓዴው ላይ ሆኖ በደንብ እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ እኔ እዚህ ላይ ትዕግሥት አልነበረኝም። ከዚያ ትኩስ አጥሚት እንደሚጠጣ ሰው በቀስታ ይሳባል፣ መሐል ላይ ተከፍቶ በስንጥር ይማሰላል፣ ሽታው ሲሳሳ ብቻ ሙቀቱ ወደ ቢጫው ከፍ ይላል። ወንፊቱን ፍሬሕይወት በአልኮል ትጠርግልኛለች። እንዲህ ሲደረግ ገና መጀመሪያ ስስበው ደላንታ ሜዳው ላይ ነኝ፤ የወርቅውሃም ከኋላዬ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትስቃለች። ለሰው የሚነገር ነገር ባይሆንም እዚህ እውነቱን መናገር ስላለብኝ ተናግሬዋለሁ። ብዙ ጊዜም አልቅሼበታለሁ።

የወርቅውሃ ባለፈው ጥር አረፈች። መንገዱ አላስኬድ ብሎኝ ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም። ጥቅምት ላይ የላከችልኝን ጦስኝ እየሰሰትኩ ቆይቼ የቀረችኝ አንድ ሙሌት ብቻ ናት። እሷንም ለፋሲካ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከብሪቱ ጋር ልናሸታት ፈርፍሬ ዕቃው ውስጥ ሞልቼ አስቀመጥኳት። ሰራዊት ይዟት የተገኘው እሷን ነው።

ዛሬ ጠዋት ከብሪቱ ጋር ወደ ጣቢያ መጥቼ ይህንኑ ሳስረዳ፣ ቅጠሉ ለምርመራ አዲስ አበባ እንደሚላክ፣ ነገ ስቅለት በመሆኑ ከበዓሉ በፊት እንደማይሄድ፣ ውጤቱ እስኪመጣም ሰራዊት ታስሮ እንደሚቆይ መርማሪው ነገረኝ። ልጁ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። በእኔ ጣጣ ስሙ በሐሺሽ ሲነሳ ልቤ አልቻለም። ጦስኝ በመዓዛው የሚታወቅ ስለሆነ እዚሁ ይሙቅና የሚያውቀው ሰው ያሽትተው ብዬ ጠየቅሁ። መርማሪው ለናሙና ትንሽ ቆንጥሮ ካስቀረ በኋላ ፈቀደልኝ።

ዕቃው እጄ ላይ ሲደርስ ግን ቁልፉን መጫን አቃተኝ። ትቼው ልሂድ የሚል ሐሳብ እንደመጣብኝ አልደብቅም። ብሪቱ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። በአገሯ አጠራር «ያ በቃሉ፣ ልጁ ይውጣ። ቅጠሏ ትቃጠል» አለችኝ። «አትቃጠልም፣ ትሞቃለች» ብዬ አረምኳትና ተጫንኩት።

መርማሪው በመጀመሪያ እንደ ሲጋራ ስቦ ምንም አልመጣለትም። ቀስ እንዲል ነገርኩትና በሁለተኛው ሲስብ ክፍሉን ሽታው ሞላው። ወዲያ ማዶ ጠረጴዛ ላይ ትጽፍ የነበረችው ኮንስታብል ቤዚ፣ መንዝ ያደገች ናት አሉ፣ ጉዳዩን ማንም ሳይነግራት ቀና ብላ «ውይ፣ ጦስኝ! ማን ነው ያመጣው?» አለች። ከዚያ እሷም ሌሎቹ ፖሊሶችም እናረጋግጥ እያሉ በየተራ ሳቡ። እኔ ዘንድ ሲደርስ መብራቱ ጠፋ፤ ቀድሞም ጥቂት የቀረው ባትሪ አልቆ ነበር። ከፍቼ ሳየው ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል፣ ያለውን ሰጥቶ ጨርሷል። ብሪቱም እኔም አላሸተትነውም።

መርማሪው የቀረውን ቅጠል ከዕቃው ጋር ሊያሽገው ሲል እንዲመልስልኝ ጠይቄያለሁ። ሽታ የሌለው ቅጠል ምን ያደርግልሃል ሲለኝም፣ እህቴ በእጇ የለቀመችው ሌላ ነገር ስለሌለኝ ነው ብዬ መልሻለሁ። የለቀመችውም እሷ መሆኗ በስሟ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

የተናገርኩት ሁሉ ያየሁትና የማውቀው እውነት ነው። ማንም አላስገደደኝም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ፣ የተጨመረም የተቀነሰም እንደሌለ ሰምቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ በቃሉ ገላው
የመርማሪው ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ኢተፋ ጂራታ

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ተጠርጣሪው በምስክሩ ዋስትና በዛሬው ዕለት ተለቋል። ለናሙና ተቆንጥሮ የነበረው ያልሞቀ ቅጠል መላክ ስላላስፈለገው ከሞቀው ጋር በወረቀት ተጠቅልሎ ለምስክሩ ተመልሷል። የቅጠሉ ዓይነት፦ ጦስኝ። የለቀመችው፦ ወይዘሮ የወርቅውሃ ገላው፣ ደላንታ።