እኔ ሽማግሌ አይደለሁም
ካዛንቺስ ያለው የሥነ ልቦና ምክር ቢሮዬ ድረስ ስድስት ሳምንት ብቻውን የተመላለሰ ወጣት ነበር። የሚያስጨንቀውን ሐሳብ ከነማስረጃው ደብተር ላይ እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ፤ የሚያመጣው ሁሌ ያንኑ ነው፦ «አባቴ ይንቀኛል። ማስረጃ፦ ቄራ ያለው ሥጋ ቤቱ ድርሽ እንዳልል ከልክሎኛል።» እኔ ጋ ሐሳቡን ስንፈትሸው ይረጋጋል፤ ቤቱ ሲገባ እንደገና ይብስበታል። ለብቻው ሆኖ የአባቱን ልብ ከየት ያውቃል? በቃ፣ «አባትህን ይዘህ ና» አልኩት።

አባትየው ካፖርታቸውን ደርበው ከች አሉ። ለካ ለሽምግልና የጠራኋቸው መስሏቸዋል! ልጁ ደብተሩን ሲያነብላቸው እሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ንገሩልኝ! ቢሮ የሚውል ልጅ ሥጋ ሥጋ ይሽተት?»

«አባባ፣ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ለራሱ ይንገሩት» አልኩና ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዞር እስክል ጠበቁ። እኔም ንቅንቅ አላልኩም።

በመጨረሻ ለራሱ ነገሩት። «ልብስህ እንዳይሸት ብዬ ነው እንጂ፣ እኔማ ብትመጣ ደስታዬ ነው።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ ቀረ። ስደውልለት ከጀርባው ቢላ ሲሳል ይሰማኛል።

«ይቅርታ፣ ሥጋ ቤት ነኝ» አለኝ። «ልብሴ እንዳይሸት አባቴ የራሱን ጋዋን አልብሶኛል።»