ያዝልኝ ያልኩት ሄልሜት

የኛን አገር ሞተረኛ ታውቁት የለ? ሄልሜት የሚያደርገው ለትራፊክ ፖሊስ እንጂ ለጭንቅላቱ አይደለም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያን ቀን ጓደኛዬን ገመቹን ከኋላ ጭኜ ከነቀምቴ ወደ ሲሬ ስንሄድ፣ ትራፊኮቹን እስክናልፍ አደረግኩት። እንዳለፍናቸው አውልቄ "እስቲ ያዝልኝ፣ ሞቀኝ" ብዬ ለገመቹ ሰጠሁት። ብዙም ሳንሄድ ጥጃ ዘሎ መንገዱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ነገር የለም። ስነቃ ሆስፒታል ተኝቻለሁ፤ ገመቹ ተቀብሯል።

በክራንች መራመድ ስጀምር መጀመሪያ የሄድኩት እናቱ ጋ ለቅሶ ልደርስ ነው። ሁላችንም "አዮ" ነው የምንላቸው፣ እንደ እናታችን። ይረግሙኛል ብዬ ስፈራ "አካም ጂርታ፣ ጉርባ ኮ? እንዴት ነህ ልጄ?" ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ሄልሜቱን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ጭረት እንኳ የለበትም።

"ያንተ ነው አሉ" አሉኝ። "ገመቹን ሲያነሱት በሁለት እጁ አቅፎት ነበር። በግድ ነው ያስለቀቁት። ልጄ አደራ አይበላም ነበር።"

ተቀብዬ ወጣሁ።

አሁን ጓንቱም፣ ወፍራሙ ጃኬትም፣ የጉልበት መከላከያውም አለኝ። ከኋላዬ የሚቀመጥ ሰው ሄልሜት ካላደረገ ሞተሬን አላስነሳም። "ፈሪ ሆንክ" ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ገመቹን "ያዝልኝ" አልኩት እንጂ "አድርገው" አላልኩትም።